ማር ነው፣ ማር!

ጠርሙሷ የመጣችው በ2006 ዓ.ም. ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያመጣት ከቬሮና ለዕረፍት የመጣ የእህቴ የማኅበር ጓደኛ ሲሆን፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ካለ ካፌ ቀጥሮኝ አንድ ጥቁር ፌስታል አቀበለኝ። ውስጡ እንደተለመደው ነው። ለእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለልጇ ጫማ፣ ለእኔ ሹራብ። ከሹራቡ ሥር ግን በፎጣ ተጠቅልላ፣ በፕላስተር ግራና ቀኝ እንደ ተሰበረ እግር የታሰረች አንዲት ጠርሙስ ነበረች።

ፈታኋት። አርማ የላትም፣ ስም የላትም። በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ «1997» ተብሎ ተጽፎባታል። በቃ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅር አለኝ። እህቴ ጣልያን አገር አሥራ ሁለት ዓመት ከኖረች በኋላ የላከችልኝ ወይን የገጠር አረቄ ይመስላል። የጓደኞቼ እህቶች እኮ ባለ ወርቅ ካርቶን ውስኪ ነው የሚልኩት!

የገና ዕለት ቤታችን ሰው ሞልቷል። ከዶሮው በኋላ ጠርሙሷ ወጣች። «1997!» አለ አንዱ ባልደረባዬ፤ «የምርጫው ዓመት ወይን ነው እንዴ?» ተሳቀ። ቡሹን በመከራ አወጣነው፤ ግማሹ ተሰብሮ ውስጥ ገባ። ቀዳን። ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ ቡና አተላ ሊመስል ትንሽ የቀረው ቀይ ነው። አንዱ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። ሌላው «ኮምጥጧል» ብሎ ፈረደ። እኔም ቀመስኩ። መራራ ነው። ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ደግሞ ያቃጥላል። እኛ ወይን የምንለው፣ ታውቁታላችሁ፣ አክሱማይት ነው፤ ለሴቶችና ለሽማግሌዎች የሚቀዳ፣ ከንፈር ላይ የሚያጣብቅ። አንዷ እንግዳ መላ አመጣች፤ ኮካ ጨመረችበት። ኮካውም ሊያድነው አልቻለም።

ከግማሽ በላይ የቀረውን ለግቢያችን ዘበኛ ለጋሽ ደምሴ ሰጠሁት። የሰጠሁት እንኳ በደግነት አልነበረም፤ መድፋት አሳፍሮኝ ነው። በማግስቱ ጠዋት በሩን ሲከፍትልኝ ጠጋ ብሎ፣ «ጌታው፣ ያቺ መድኃኒት የምትመስለው መጠጥ ሌላ አለች እንዴ?» አለኝ። የለችም አልኩት። «አይ» አለ፣ ራሱን ነቅንቆ። «እንዲያው ሌሊቱን ሁሉ ስታጫውተኝ አደረች።» በሆዴ «የሽማግሌ ነገር!» ብዬ አለፍኩ።

ማታ እትዬ ደወለች። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወይኑን ጠጣችሁት?» አለችኝ።

«ጠጣነው እንጂ! እንዴት ይጣፍጣል መሰለሽ! ማር ነው፣ ማር!»

ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አለች። «በሉ፣ ደህና እደሩ።»

ይኼን ነገር ደግሜ ያሰብኩት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ሚላኖ የመሄድ ዕድል ገጠመኝ፤ ሥራው ሲያልቅ በባቡር ቬሮና ወረድኩ። ቬሮናን መቼም የሮሚዮና የጁልየት አገር ብለው ነው የሚያውቋት። ቱሪስቱ የጁልየት ነው የተባለ ሰገነት ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እትዬ ግን ወደዚያ አልወሰደችኝም። በአውቶቡስ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ወዳሉት ኮረብታዎች ነው ያመራነው። አገሩ ቫልፖሊቼላ ይባላል። ኔግራር፣ ማራኖ፣ ፉማኔ የሚባሉ ትንንሽ ከተሞች አሉት። ኮረብታው በድንጋይ ካብ እየተከተረ እስከ አናቱ እርከን ነው። ኮንሶን ያየ ሰው እርከን ብርቁ ባይሆንም፣ በየእርከኑ ላይ ያለው ግን ማሽላ ሳይሆን ወይን ነው፤ በመሀል በመሀሉ የቼሪ ዛፍ።

ለካ እህቴ የኖረችው እዚህ ነው። እኛ «ቬሮና» እንላለን እንጂ ቬሮናን የምታየው እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ብቻ ነው። ሥራዋም እኛ እንደምናስበው ሆስፒታል ውስጥ አልነበረም። ባዳንቴ ነች። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታበላለች፣ ሌሊት ሲያቃስቱ ትነሳለች። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሽማግሌ ቤት ሠራች። ኖኖ ነበር የምትለው፤ አያቴ እንደማለት ነው። ኖኖ ገበሬ ነው። ወይኑን ለማኅበር ጓዳ እየሸጠ የኖረ፣ ግን በየዓመቱ ጥቂት ዘለላ ለራሱ እያስቀረ በገዛ ምድር ቤቱ የሚጠምቅ ሰው። ያቺ ጠርሙስ የእሱ ናት።

አሁን ኖኖ የለም። በ2005 ክረምት አረፈ። ልጁ ግን የወይን ማሳውን አልሸጠም፤ እትዬም ሌላ አሮጊት ስታስታምም እዚያው መንደር ቀረች፤ በመኸር ጊዜ ደግሞ ታግዛቸዋለች። «ና፣ ነገር ላሳይህ» ብላ በቤቱ ጀርባ ባለው የእንጨት ደረጃ ወደ ጣሪያ ሥር ይዛኝ ወጣች። በሩን ስትከፍተው እግሬ ደፉ ላይ ቀረ።

ሽታው! ይኼን ሽታ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ። በቤተልሔም ውስጥ ዘቢብ አጥበን፣ በውኃ ዘፍዝፈን፣ ጨምቀን ለቅዳሴ እናዘጋጅ ነበር። (ከምናጥበው ላይ አንዳንድ ፍሬ ወደ አፋችን ይገባ እንደነበር አሁን ብናዘዝ ምን ይለናል?) ምእመናን ከጧፍና ከዕጣን ጋር ለስለት የሚያመጡት ዘቢብ በከረጢት ተደርጎ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ክፍሉ ሁልጊዜ የሚሸተው ያንን ነው። ጣፋጭ፣ ትንሽ አቧራ አቧራ የሚል። እዚህ ጣልያን ገጠር፣ ጣሪያ ሥር፣ ያው ሽታ ተቀብሎኝ ቆመ።

«ቤተልሔም ቤተልሔም ይላል» አልኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሴት አይገባበት» አለች እትዬ። «ግን አንተ እሑድ ከቅዳሴ ስትመጣ እጅህ ይሸተኝ ነበር። መጀመሪያ እዚህ የወጣሁ ቀን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኖኖ ከታች ሆኖ ወደቅሽ እንዴ እያለ ይጮሃል።»

ሰዎቹ የሚሠሩት ይኼን ነው። ወይኑ በመስከረምና በጥቅምት ይለቀማል። ፍሬው የላላውና አየር የሚያስገባው ዘለላ ተመርጦ፣ እንደ እንቁላል በጥንቃቄ፣ ሳይደራረብ ይደረደራል። የወይኑ ዝርያ ዋናው ኮርቪና የሚሉት ነው፤ ኮርቪኖኔና ሮንዲኔላ አብረውት ይገባሉ። ድሮ የሚደረደርበት አሬሌ የሚባል የሸምበቆ ቆጥ ነበር፤ ያው ቆጥ የሐር ትል ይረባበት ነበር አሉ። ዛሬ አብዛኛው ሰው በፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ የኖኖ ቤት ግን ሁለቱም አለ። መስኮቱ ይከፈታል፣ ነፋስ ይገባል፣ ጉም ሲመጣ ይዘጋል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር፣ አራት ወር ይቆያል። ሥራው ታዲያ «ደረቀ» ተብሎ አይተውም። በየቀኑ ይታያል፤ የሻገተች ፍሬ ካለች በመቀስ ትወጣለች። አንዷ ከተበላሸች ጎረቤቶቿን ይዛ ነው የምትሄደው።

በዚህ መሀል ወይኑ ከክብደቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም 40 በመቶውን ያጣል። ውኃው ይሄድና ስኳሩ፣ ቀለሙና ምሬቱ ይቀራል። ደንባቸውም ጥብቅ ነው። ከዲሴምበር 1 በፊት መጭመቅ የለም። ከ100 ኪሎ ትኩስ ወይን የሚወጣው መጠጥ ከ40 ሊትር አይበልጥም። ከዚያ በርሜል ገብቶ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ሪዜርቫ ለመባል አራት። አልኮሉ ከ14 በመቶ አያንስም፤ ብዙውን ጊዜ 15ም 16ም ይሆናል። ስሙ አማሮኔ ነው። ደህና የሚባለው ጠርሙስ 40 እና 50 ዩሮ ያወጣል። በ2012 እ.ኤ.አ. የሞተው ኲንታሬሊ የሚባል የኔግራር ሽማግሌ የሠራው ዓይነት ከሆነማ በመቶዎች ነው የሚቆጠረው። እኔ ኮካ የጨመርኩበት ነገር ይኼ ነው እንግዲህ።

«አማሮኔ ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

እትዬ አየት አደረገችኝ። «አማሮ መራራ ነው። አማሮኔ ትልቁ መራራ።»

ወሬ ለማስቀየር ስለ ታሪኩ ጠየቅኋት፤ እሷም ከኖኖ የሰማችውን አወራችኝ፤ እኔም ኋላ አንብቤ አጣራሁት። አገሩ ከጥንት ጀምሮ ከደረቀ ወይን መጠጥ ይሠራል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የንጉሥ ቴዎዶሪክ ባለሟል የነበረ ካሲዮዶሩስ የሚባል ሰው ለቤተ መንግሥቱ እንዲመጣለት ደብዳቤ ጽፏል። ያ ግን ጣፋጭ ነበር። የዛሬው ጣፋጭ ዘሩ ሬቾቶ ይባላል፤ በመንደሩ ቋንቋ ሬቻ ጆሮ ነው፤ ከዘለላው ላይ ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ የወጣውን፣ ፀሐይ የጠገበውን ክፍል ስለሚመርጡ ነው። ሬቾቶ ጣፋጭ የሚሆነው እርሾው ስኳሩን በልቶ ሳይጨርስ ስለሚቆም ነው። ካልቆመ? እስከ መጨረሻው ይበላውና ደረቅ፣ መራራ መጠጥ ይሆናል። ይኼ ለብዙ ዘመን እንደ ብልሽት ይቆጠር ነበር። እንደሚተረከው በ1936 እ.ኤ.አ. ጸደይ አዴሊኖ ሉኬሴ የሚባል የኔግራር ማኅበር ጓዳ ኃላፊ አንድ የተረሳ የሬቾቶ በርሜል አገኘ። ሲቀምሰው ስኳሩ ሁሉ አልቋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይደፋው ነበር። እሱ ግን ይኼ መራራ ሳይሆን ትልቁ መራራ ነው ብሎ በዚያው ስሙ ወጣለት ይባላል።

1936 ሲባል ጆሮዬ ቆመ። የእኛ 1928 ነው። በዚያው ጸደይ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ የጣልያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። አንድ ጣልያናዊ ምድር ቤት ገብቶ የተረሳ በርሜል ሲቀምስ፣ የአገሩ ልጆች የእኛን ከተማ ይረግጣሉ። የኖኖም አጎት ሐበሻ ዘምቶ በወባ እየተንቀጠቀጠ ተመልሶ እንደነበር እትዬ ነገረችኝ። ኖኖ ታሞ ሲባዝን አንዳንዴ «አንቺ የአጎቴን ዕዳ ልትሰበስቢ ነው የመጣሽው» ይላት ነበር አሉ። እሷ ደግሞ «መቼ ተከፈለኝና!» እያለች ታስቀው ነበር።

ማታ እራት ሠራች። የቬሮና ሰው አማሮኔን ከምን ጋር ቢጠጣው ጥሩ ነው? ከፈረስ ሥጋ ወጥ ጋር! ፓስቲሳዳ ይሉታል፤ በወይን ሲብላላ ይውልና ለስላሳ ይሆናል። እትዬ አሥራ አንድ ዓመት ለኖኖ ስትሠራለት አንድ ቀን አልቀመሰችውም፤ አፍንጫዋን ይዛ ነበር የምታማስለው። ለእኛ የሠራችው የምስር ወጥ ነው፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ከምስሩ በኋላ ከቁም ሣጥኑ ሥር አንዲት ጠርሙስ አወጣች። በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ «1997»።

«ሁለት ነበሩ» አለች። «1997 ከሚስቱ ጋር የለቀሙት የመጨረሻው መኸር ነው። ጥሩ ዓመት ነበር ይላሉ። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ሁለቱን ሰጠኝ። ለልጁ አልሰጠም፤ ለእኔ ሰጠኝ። አንዱን ላንተ ላክሁ። ይቺን ከቤት ሰው ሲመጣ ብዬ አስቀመጥኋት።»

ልጇን ትታ ስትሄድ አራት ዓመቱ ነበር። ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ይኼን ማንም ይመሰክርልኛል። እሷ በየወሩ ገንዘብ ትልካለች፤ እኔ የትምህርት ቤቱን፣ የሕክምናውን፣ በመሀሉም የቤቴን ጣሪያ እከፍላለሁ። በስልክ ስንነጋገር ዩሮ በስንት እንደተመነዘረ እጠይቃለሁ። ኖኖ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው።

ቡሹን ቀስ ብላ፣ ሳትሰብረው አወጣችው። ወዲያው አልቀዳችም። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛው ላይ አቆመችው፤ አየር ያግኘው አለች። ከዚያ ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ቀዳችልኝ።

በአንድ ጊዜ ወደድኩት ብዬ አልዋሻችሁም። መራራ ነው። ግን ያለ ስኳር የሚጠጣ አቦል መራራ አይደለም? መጀመሪያ የደረቀ ቼሪ አለ፣ ከዚያ እንደ ትምባሆ ያለ ነገር፣ ከዚያ ዘቢቡ፤ ስኳሩ የሄደ፣ ሽታው የቀረ ዘቢብ። ወርዶም አያልቅም። እትዬ አፍ አፌን ታያለች።

«እትዬ» አልኳት፣ «ያኔ ማር ነው ያልኩሽ…»

«አውቄያለሁ።»

«ጣፍጦኝ እንደሆነ ብዬ ነው እንጂ…»

«ጠጣውና ዝም በል። ስኳር የሌለውን ነገር ማር ነው ስትለኝ እንዴት አላውቅም? ያን ሌሊት ተናድጄብህ ነበር። በኋላ ሳስበው እኔስ? ‹ሥራው ቀላል ነው፣ ሆስፒታል ነኝ፣ ተመችቶኛል› ስላችሁ ነው የኖርኩት። ማን ያወቀብኝ አለ?»

ምን ይባላል? ምንም አላልኩም። ቆይታ ራሷ፣ «ደፋችሁት?» አለች።

«አልተደፋም። ዘበኛችን ጠጣው።»

ስለ ጋሽ ደምሴ ነገርኳት፤ መድኃኒት የምትመስለው መጠጥ ያላትን፣ ሌሊቱን ስታጫውተኝ አደረች ያለውን። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኖኖ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር አለች፤ ማታ ማታ አጥር ላይ ቆሞ ብቻውን ከወይኑ ጋር ማውራት ይወድ ነበርና። «ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መሀል አንድ እሱ ብቻ!» ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች።

በነጋታው ወደ ማኅበሩ መደብር ወስዳ ለጋሽ ደምሴ ጠርሙስ ልትገዛለት ፈለገች። የአማሮኔውን ዋጋ አይታ ግን መለስ አለች፤ ወር ገና አልሞላም፤ እኔም ኪሴ ውስጥ ያለው የባቡር ብቻ ነበር። ከጎኑ ሪፓሶ የሚባል አለ፤ በግማሽ ዋጋ። አማሮኔው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ቆዳና ፍሬ አይጥሉትም አለችኝ። በመኸር ከትኩስ ወይን የጠመቁትን ተራውን መጠጥ መልሰው ያፈሱበታል፤ ለቀናት አብሮት ይቆይና እንደገና ይፈላል፤ የቀረውን ቀለምና ጣዕም ይዞ ይወጣል። ስሙም ዳግመኛ ማሳለፍ እንደማለት ነው። «እሱ የት ያውቀዋል፣ ዋናው ነው በለው» አለችና በራሷ ሹራብ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ አስገባችልኝ።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጠርሙሷን ይዤ ወደ ዘበኛው ቤት ወረድኩ። ጋሽ ደምሴ አርጅቷል፤ አንድ ጆሮው አይሰማም። ያቺን የገና ጠርሙስ ግን አልረሳም። ሚስቱ ለሚካኤል ጠላ የምትጠምቅለት ሰው ነው፤ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየ፣ አሸተተ፣ አንድ ጊዜ ጎነጨ፣ አፉ ውስጥ ትንሽ አቆየው።

«ያቺው ናት» አልኩት፣ ወደ ሚሰማው ጆሮው ጠጋ ብዬ። «ዋናዋ።»

ዋጠና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ጥሩ ናት» አለ። «ግን ጌታው፣ ይኼ ቅራሪው ነው።»